ሦስተኛው ክፍል ኮኪት የገባ ጊዜ

በመተማ ቆላ፣ በኮኪት፣ ከሙቀቱ የተነሣ ሰሊጥ እንደቆመ ዘይት ሁኖ ይፈሳል። ገበሬው ማጭዱን ጥሎ ጀሪካን ይዞ ነው ማሳ የሚወርድ። ይህን ለአንድ የጎንደር ከተማ ሰው ብነግረው አላምን አለኝ። ለአጨዳ ለሚወርዱት ጎጃሞች ብነግራቸው ግን በዓመቱ ሁለቱ ጀሪካን ይዘው መጡ። እኔ ባህሩ የምባለው እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ፤ የለም እሱ ነው የተወህ የሚሉኝም አሉ።

እንግሊዝኛ አልችልም። አረብኛም ከ"ሰላም" እና ከ"ስንት ነው" አላልፍም። ይህ ግን የሐጂ ሽኩር ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ከመሆን አላገደኝም።

ቪዲዮ ቤቱ መንገድ ዳር ያለ፣ ድሮ የሰሊጥ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። አጨዳ ሲደርስ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደው ሠራተኛ እሑድ እሑድ ከየእርሻው ይመጣና ባዶ ጆንያ ላይ ተጠቅጥቆ ፊልም ያያል። ፊልሙ የሚመጣው ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ስለሆነ ከሥሩ የሚጻፈው አረብኛ ነው። ተዋናዩ የሚናገረው እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ አረብኛ፣ የሚያየው ጎጃሜ። እንግዲህ መሐል ላይ አንድ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "አሁን እንዲህ አላት፤ እሷም እንዲህ ብላ መለሰችለት" እያለ የሚያስረዳ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ምን እንዳላት የት አውቄ? ከፊቷ አነባለሁ። ከፊቷ ካጣሁት ከራሴ እጨምራለሁ።

በርጩማዋ ማዕረግ ነበራት። በሩ ሥር ሻይና ከርከዴ የምትሸጠው ፋናዬ፣ ፊልሙ ሊጀመር ሲል የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ከርከዴ ለተርጓሚው ይዛ ትመጣለች። ጉሮሮው እንዳይደርቅ ነው። ያን ሁሉ ሰው በጆንያው ላይ እየዘለለች አልፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ነው የምትሰጥ። እኔ ብርጭቆው ባዶ ቢሆን እንኳ እጠጣው ነበር።

ከፊልሞቹ ሁሉ ኮኪት ልቡን የሰጠው "የከዋክብት መሻገሪያ" ለሚባለው ነው። እኔ ሳልወለድ የተሠራ የቆየ ፊልም ነው። ሦስት ክፍል አለው ይባላል፤ እኛ ዘንድ የደረሱት ሁለቱ ናቸው። ሁለት ወንድማማቾች አሉ። እውነተኛ ስማቸው ማስነጠስ ስለሚመስል ታላቁን ማንደፍሮ፣ ታናሹን ይርጋ ብዬ ክርስትና አነሳኋቸው። ሰማይ ላይ፣ በኮከብና በኮከብ መካከል፣ ተራራ የሚያህል የብረት በር አለ። መሻገሪያው እሱ ነው። በሩን የሚጠብቀው አንድ ዓይኑ መስተዋት የሆነ ግዙፍ ሰውዬ፣ ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ ወደ ማዶ ይወስድና ድንጋይ ያስፈልጣል። እሱን "ካቦው" አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ማሳ ላይ ካቦ ሲጮህበት የሰነበተ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሆን አስቡት። አንዴ አንዱ ወሎዬ ጫማውን አውልቆ ወደ ካቦው ሲወረውር፣ ሐጂ ሽኩር ራሳቸው መሐል ገብተው ጫማውን በግንባራቸው ተቀበሉት። ቴሌቪዥኑ ከግንባራቸው ይበልጥባቸው ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ ካቦው ይርጋን እየጎተተ ወደ ማዶ ያሻግረዋል። በሩ ግማሽ ይዘጋል። ማንደፍሮ ከወዲህ ቁሞ ይጮሃል። ከዚያ ጨለማ። አለቀ። ሦስተኛውን ክፍል ያየ ሰው አልነበረም።

አያ እንግዳው የሚባሉ የጎጃም ሰው አሉ፤ በየዓመቱ ለአጨዳ ይወርዳሉ። አንድ ዓመት ታናሽ ወንድማቸው ሰሎሞን አብሯቸው ወርዶ፣ "ገዳሪፍ የተሻለ ሥራ አለ" ብሎ በመተማ በኩል ተሻገረ። ከዚያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሆነ። ስልኩ አልነሣ አለ፤ ቆይቶ ጭራሽ አልጠራ አለ። አያ እንግዳው ስለዚህ ነገር አያወሩም። ብቻ ሁለተኛው ክፍል በታየ ቁጥር ከፊት ያለው ጆንያ ላይ ናቸው። ሲያልቅ ልብሳቸውን አራግፈው ወደኔ ይመጣሉ።

"ባህሩ፣ እንግዲህ ይመለሳል?"

እኔም በየጊዜው ሌላ ሌላ መጨረሻ እፈጥርላቸዋለሁ። አንዴ ይርጋ ካቦውን በገዛ ሰንሰለቱ አስሮ ይመጣል። አንዴ ጅራት ባለው ኮከብ ላይ እንደ በቅሎ ተቀምጦ ይመጣል። አያ እንግዳው ይሰሙኝና ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ።

"አንተ እኮ ትዋሻለህ" ብለውኝ ይሄዳሉ። በሳምንቱ ደግሞ መጥተው ይጠይቁኛል።

ዘንድሮ አጨዳው ሲጀመር ሳጂድ መጣ። የሐጂ ሽኩር የእህት ልጅ ነው፤ ካርቱም ተወልዶ፣ ካርቱም ተምሮ፣ ነገሩ ሲብስ በገላባት በኩል የገባ። ረጅም ነው። ሸሚዙ ነጭ ነው፤ ሙቀት የሚባል ነገር አይነካውም። እኔን ላቤ ከሸሚዜ አልፎ ጥላዬን ያረጥብብኛል፤ እሱ ከፍሪጅ የወጣ ይመስላል። ከዚያ ሁሉ አገር ይዞ የወጣው አንድ ቦርሳና አንድ ፍላሽ ነበር። ፍላሹ ውስጥ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ሦስተኛው ክፍል።

ሐጂ ሽኩር ሱቃቸው በር ላይ ሰሊጥ ሲመዝኑ ነው የነገሩኝ።

"የሚመጣው እሑድ ሳይሆን በሚቀጥለው ሦስተኛውን እናሳያለን።"

"አልሐምዱሊላህ!" አልኩ እኔ ክርስቲያኑ።

"ሳጂድ ነው የሚተረጉመው።"

"ምን?"

"አረብኛውን ያነባል። እንግሊዝኛውንም ይሰማል።"

"እኔስ ሐጂ?"

"አንተማ ትፈጥራለህ።"

"ፈጥሬ አይደል ቤቱን የሞላሁልዎ!"

"ሞልተኸዋል፤ አልካድኩም። አሁን ግን የመጨረሻው ነው፤ ሰው እውነቱን ይስማ። ይህን እሑድ ሳጂድ በሌላ ፊልም ይለማመዳል። አንተ በር ላይ ቁመህ ትኬት ትቆርጣለህ።"

ወንድማማቾቹን ስም ያወጣሁላቸው እኔ! ካቦውን ካቦ ያልኩት እኔ! እና መጨረሻቸውን ካርቱሜ ይንገርልኝ?

እሑድ ደረሰ። ሳጂድ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። ፋናዬ ከርከዴውን ቀዳች። እኔ በሩ ላይ ትኬት እየቆረጥኩ በጎን አያታለሁ። ብርጭቆው ውስጥ አንዲት ነገር ጣል አደረገች።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኳት።

"ቅርንፉድ ነው።"

"ለኔ ቅርንፉድ ጨምረሽልኝ ታውቂያለሽ?"

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"እሱ ጠየቀሽ?"

"እንግዳ ነው ባህሩ። ይልቅ ፊትህን ምን ነካው? የከረመ ጠላ የጠጣ መሰልህ።"

"ሙቀቱ ነው።"

"ሙቀቱማ ለሁላችን ነው" አለችና ዞር አለች፤ ለአንድ ደንበኛ መልስ ልትሰጥ። እኔም ኪሴ ውስጥ ሚጥሚጣ አላጣም፤ ለጥሬ ሥጋ የምይዘው ነው። ብርጭቆው ላይ ቆንጠር አድርጌ በተንኩበት። ቆንጠር ስል በኔ እጅ ነው፤ በሰው እጅ ጭብጥ ይሆናል።

ፋናዬ በሁለት እጇ ሰጠችው። ሳጂድ ጠጣ። ዓይኑ ቀላ። ጆሮው ቀላ። ሁለቴ ዋጠና፣ "ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ከርከዴ ካርቱምም አልጠጣሁ" አላት። የተማረ ሰው እንዲህ ካለ የከተማ አጠጣጥ ይሆናላ! ብርጭቆው ሥር የቀረውን ሚጥሚጣ ያየው ላላየው ነገረና፣ በዚያው ሳምንት ግማሹ ኮኪት ከርከዴውን በሚጥሚጣ ይለምን ጀመር። ፋናዬ ገበያዋ ደራ። "ሳጂድ ገዱ የቀና ሰው ነው" አለች። የኔ ሚጥሚጣ፣ የሱ ገድ።

አተረጓጎሙ ደግሞ! "'ሂድ' አለው። 'አልሄድም' አለ።" ይኸው ነው። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሰዉ ሲያዛጋ ለማየት ቋምጬ ነበር፤ ግን ዝም ብሎ ይሰማል። አንዱ ወሎዬ ጭራሽ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ "ባህሩ'ኮ 'ሂድ' የምትለውን ቃል ብቻ በሬ እስኪታለብ ይተረጉማት ነበር" አለው። ሰማሁት። በሬ የማይታለብ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱም ማለቱ ያንን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላሰብኩም። በርጩማዬን ማስመለስ ብቻ።

ፍላሹ የሚቀመጠው ሐጂ ሽኩር ሱቅ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ሄድኩና፣ "ሐጂ፣ ፍላሹ ቫይረስ እንዳይኖረው ልሞክረው" አልኳቸው። ቫይረስ ምን እንደሆነ እኔም እሳቸውም አናውቅም፤ ስለዚህ ተስማማን። የሱቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቼ በቀጥታ ወደ መጨረሻው አሳለፍኩት።

በሩ ሊዘጋ ነው። የታሠረው ሰው ሁሉ በበሩ ሥር እየተሹለከለከ ወደዚህ ይወጣል፤ ወንድሙን ፍለጋ የገባው ማንደፍሮም ወጣ። ይርጋ ግን ከውስጥ ሁኖ በሩን በትከሻው ደግፎ ይዟል። እሱ ከለቀቀው ሁሉም ያልቃል። የመጨረሻዋ ሴት ስትወጣ በሩ ወረደ። ከዚያ እሳት፣ ሰማዩን የሞላ እሳት። ከዚያ ማንደፍሮ ኮረብታ ላይ ቁሞ ሽቅብ ያያል። አንዲት ትንሽ ብርሃን ሰማዩ ላይ በራች። አንድ ነገር ተናገረ፤ ከሥሩ አረብኛው ተጻፈ።

"ሐጂ፣ ይህ ምን ይላል?"

ሐጂ ሽኩር ከሚዛኑ ቀና ብለው አዩት። "'ወንድሜ አልፏል። ያች ብርሃን መቃብሩ ናት' ይላል። በል ያን ጆንያ አቀብለኝ።"

ሞቷል! ጆንያውን አቀበልኳቸው፤ ያዘንኩ እንዳይመስላችሁ። አንድ ነገር ነው ወለል ብሎ የታየኝ። ሳጂድ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት እያየ "ይርጋ ሞተ" ይላል። ከዚያ በፊት እኔ ሰዉን ሁሉ "ይመለሳል" ብዬ ካሳመንኩት ማን ጫማውን ማን ላይ ይወረውራል?

በማግስቱ በትራክተር ተሳቢ ተንጠልጥዬ ወደ እርሻው ወረድኩ። ሠራተኛው የታጨደውን ሰሊጥ እያሠረ ያቆማል። ከአንዱ ነዶ ወደ አንዱ እየሄድኩ አወራሁ።

"ይርጋ ይመለሳል! በዓይኔ አይቼ መጣሁ! ሐጂ ሱቅ ውስጥ!"

"በእውነት?"

"እኔ ልሙት!" በታቦት አልማልኩም፤ ያን ያህል እንኳ ድፍረት የለኝም። በራሴ ስምል ግን አልሰስትም፤ እስካሁን ስንቴ እንደሞትኩ እኔው ነኝ የማውቅ።

"ካርቱሜው ግን" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ካርቱሜው ሰው ሲያዝን ደስ የሚለው ዓይነት ነው። ሌላ ነገር ቢላችሁ እንዳትሰሙት።"

ወሎዬዎቹ ጮቤ ረገጡ። አንዱ በማጭዱ ይርጋን መስሎ ካቦውን ወጋው። አያ እንግዳው ብቻ ጎንበስ እንዳሉ አንዲት ነዶ ያሥራሉ። አሥረው ሲጨርሱ አቆሟት። ወደቀች። ደግመው አቆሟት።

"ይመለሳል ነው የምትል?"

"ይመለሳል፣ አያ እንግዳው።"

"አንተ እኮ ትዋሻለህ።"

"ያሁኑ እውነት ነው!"

"ተው እስቲ ባህሩ። ያ የተማረው ልዥ ይናገር። እሱ ፊደሉን አይቶ ነው የሚናገር።" ሌላ ነዶ አነሡ። "ፊልም ነው ባክህ" አሉ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እውነቱን ልናገር፤ ስመለስ ተሳቢው ላይ አንድ ነገር ጎርበጥ ብሎኝ ነበር። ግን ቅርንፉዱ ትዝ አለኝና ለቀቀኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቤቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ከሸሕዲ በሚኒባስ የመጣ ነበር፤ ከመተማ በባጃጅ የመጣ ነበር። ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል አላበው። እኔ ትኬት ቆርጬ ስጨርስ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ከኋላ ግድግዳው ሥር ሐጂ ሽኩር ወንበር አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ከፊት ጆንያ ላይ አያ እንግዳው። ፋናዬ ከርከዴውን ይዛ አለፈች። ቅርንፉድ አለው፤ ሽታው አፍንጫዬ ሥር ነው ያለፈ።

ፊልሙ ተጀመረ። ሳጂድ ያነባል። "'ወንድሜን መልስ' አለው። ካቦው 'ና ውሰደው' አለ።" "ካቦው" ብሎ ጠራው! በኔ ስም! ሳጂድ ካርቱም የሰማው ስም ሌላ ነበር፤ ሰዉ የለመደውን ብሎ የኔን ወሰደው። ስርቆት ብዬ ልጮህ ነበር፤ ግን ልክ ነው፣ ካቦ ነው የሚመስል።

ደግሞም ያምር ነበር፤ ይህን ስናገር ምላሴን እየጎመዘዘኝ ነው። ማንደፍሮን የጫነችው የሰማይ መርከብ ከተራራ ጀርባ ስትነሣ አንድም ሰው አላሳለም። እኔ ብሆን እዚያች ላይ ስለ ማርሿ፣ ስለ ነዳጇ፣ ስለ ሾፌሯ የትውልድ አገር እነግራቸው ነበር። እሱ ዝም አለ፤ መርከቧ ራሷ ተናገረች።

በሩ መውረድ ጀመረ። ይርጋ ትከሻውን ሰጠው። የታሠሩት ወጡ፣ ማንደፍሮ ወጣ። አያ እንግዳው ተነሥተው ቆሙ። ከኋላ "ተቀመጡ አንቱ!" የሚል የለም። ሁሉም ያውቃል።

"ውጣ!" አሉ ለቴሌቪዥኑ። "ውጣ አንተ ልዥ! ተወው በሩን!"

በሩ ወረደ። እሳቱ ሰማዩን ሞላው። እኔ በሩ ላይ በጣቴ ጫፍ ቆምኩ። አሁን! አሁን ይለዋል!

ማንደፍሮ ኮረብታው ላይ ታየ። አፉን ከፈተ። ጽሑፉ ወጣ። ሳጂድ አየው፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም። አያ እንግዳው ከቴሌቪዥኑ ወደሱ ዞሩ።

"ልዤ" አሉት፣ "ወጣ ወይ?"

ሳጂድ ጽሑፉን አየ። ሰውየውን አየ። ጽሑፉ ጠፋ።

"ወጣ" አለ።

ቤቱ ፈነዳ። ጆንያ ተወረወረ፣ ፉጨት፣ እልልታ። የኔ ወጥመድ ሰው ሳይዝ እዚያው ከሸፈ። ግን ያ አይደለም ያቃጠለኝ። ዋሸ እኮ! ያ አይጨምርም አይቀንስም የተባለው ዋሸ! እውነቱን ማወቁን ችዬለት ነበር። ቅርንፉዱንም እችልለት ነበር። ውሸት ግን የኔ ነበረች፤ በዚህ አገር ሌላ ምን አለኝ? እሷንም መጥቶ ወሰዳት፤ ያውም በአንዲት ቃል። እኔ ለዚያች ውሸት ተሳቢ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ማሳ ለማሳ ዙሬ፣ እኔ ልሙት ብዬ ምዬ አያ እንግዳው አላመኑኝም።

"ውሸታም! ሞቷል! ሐጂን ጠይቋቸው!" የሚለው ነገር ምላሴ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ወደ ሐጂ ዞርኩ። ሐጂ ሽኩር ጣራውን እያዩ ነበር፤ ጣራው ላይ ምንም የለም። ያን ብናገር በርጩማዋ የኔ ነበረች፤ በዚያው ሰዓት።

ይህን ሳስብ ያ ስለ በሬ ያወራው ወሎዬ ተነሣ። "ቆይ ቆይ! በሩ'ኮ ተዘጋ! እሳትም ሆነ! በየት በኩል ወጣ?"

ጫጫታው ረገብ አለ። ሁሉም ሳጂድን አየ። አያ እንግዳውም አዩት።

"በ..." አለ ሳጂድ። "እ... በ..."

ያ ሁሉ ትምህርት! በክረምት ጥቁር አፈር ውስጥ የተቀረቀረ አይሱዙ ነው የመሰለኝ፤ ጎማው ይዞራል፣ መኪናው አይሄድም። አያ እንግዳው ደግሞ ቀስ ብለው መቀመጥ ጀመሩ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ተጀምራ የቀረች ውሸት ማየት አልችልም፤ ያልታሰረ ነዶ እንደማየት ነው።

"በቱቦው ነዋ!" ብዬ ከበሩ ጮህኩ። "ካቦው የተፈለጠውን ድንጋይ ወደ ውጭ በሚደፋበት ቱቦ! መጀመሪያ ላይ አሳዩን አይደል እንዴ፤ ያ ክብ ነገር! የት ሁናችሁ ነው ፊልም የምታዩ?"

"አዎ!" አለ አንዱ። "አይቼዋለሁ!"

"እኔም አይቼዋለሁ" አለ ያ ወሎዬ። "ክብ ነው።" አንድም ቱቦ አልነበረም።

"ያችስ ብርሃን?" አሉ አያ እንግዳው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያች ትንሽ ብርሃን አሁንም ትበራለች።

ሳጂድ ወደኔ አየ። ዓይኑ በሚጥሚጣው ቀን እንደነበረው ቀልቷል።

"የይርጋ መርከብ ናታ!" አልኩ። "አልፎ እንዳይሄድ ግራ ፍሬቻ አብርቶ እየታጠፈ ነው። ወደ ኮረብታው ሊያርፍ!"

"ትክክል ነው" አለ ሳጂድ። "እንደዚያ ይላል።"

ፊልሙ አለቀ። ሳጂድን ትከሻቸው ላይ አወጡት። ቱቦውን ያመጣሁት እኔ፣ ፍሬቻውን ያበራሁት እኔ፤ ትከሻ ላይ ያለው እሱ። ጭንቅላቱ ከቆርቆሮው ጋር ሲጋጭ ትንሽ ደስ አለኝ። እንደ ምንም ወርዶ ወደኔ መጣ።

"ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ያን ቱቦ ከየት አመጣኸው?"

"ፊልሙ ላይ ነበር። አላየኸውም?"

ሊስቅ ፈለገና ተወው። "ካርቱም የቀረ ወንድም አለኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ያን ጽሑፍ ማንበብ አልቻልኩም።" ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ። ይሄውላችሁ እንግዲህ፣ አሁን እንዴት አድርጌ ልጥላው?

ቤቱ ሲጎድል አያ እንግዳው መጡ። ልብሳቸውን አራገፉ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ባህሩ፣ ረቡዕ ስትነግረኝ ውሸት መስሎኝ ሰንብቻለሁ። ያ ልዥ ፊደሉን አይቶ ሲናገር ግን አመንኩ።" ትንሽ አሰቡ። "አንተም ለካ አንዳንዴ እውነት ትናገራለህ።"

"አንዳንዴ" አልኩ።

"እስቲ ነገ የሰሎሞንን ስልክ እንደገና እሞክራለሁ" አሉና ወጡ።

የገዛ ውሸቴ በሳጂድ አፍ ገብታ እውነት ሁና ወጣች። በዚያ ቅናት ላይ ሌላ ቅናት አልጨመርኩም፤ ቦታም አልነበረውም። ባዶው ቤት ውስጥ ገብቼ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከሱ ሙቀት እስካሁን አልበረደችም። ፋናዬ ብርጭቆ እየሰበሰበች መጣች። ቁማ አየችኝ።

"ደክሞሃል አይደል? ከርከዴ ልቅዳልህ?"

"ቅጂልኝ።" ከዚያ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "ቅርንፉድ አድርጊበት" አልኳት።

የከርከዴውን እንስራ አየች፣ የቅርንፉዱን ቆርቆሮ ገልብጣ መታ መታ አደረገችው።

"ውይ ባህሩዬ" አለች፣ "ለሳጂድ ሳደርግለት አለቀ።"